በሩ ላይ ያለው ማቶት

«ልጄ፣ ማን ሞተባችሁ?»

ጎረቤታችን ይህን ሲጠይቁኝ ገና ፊቴን አልታጠብኩም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ቢሆን ነው። ሻሻቸውን እስከ ግንባራቸው ስበው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ደጃችን ላይ ቆመዋል። እኔን አያዩኝም። የሚያዩት ማታ በሩ ላይ የሰቀልኩትን የአበባ ጉንጉን ነው።

«ኧረ ማንም አልሞተም፣ እማማ! ጌጥ ነው። ለበሩ የሠራሁት ጌጥ።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ጉልበታቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ውኃ ይዤላቸው ስመለስ እናቴም ወጥታለች። ሁለቱ ተያዩ። እናቴ ቀና ብላ ጉንጉኑን አየችና «እኔም ማታ ሳየው ልቤ ፈርቶ ነበር። እንዳላስከፋሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለችኝ።

ጉንጉኑን ያኔውኑ አወረድኩት።

ሦስት ምሽት የለፋሁበት ነው። ግን እውነታቸውን ነው። እኛ አገር የአበባ ጉንጉን የሚታየው የት ነው? መቃብር ላይ ነው። የካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት ሥር ነው። ቀብር ላይ ከመኪና የሚወርደው፣ ጥብጣብ የታሰረበት ክብ አበባ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የሰው በር ላይ ተሰቅሎ ያየ ጎረቤት ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል?

የእኛ ሰፈር ሰው ደግሞ በር ያነባል። ድሮም ያነብ ነበር፤ ከ2014 ወዲህ ግን ባሰ። በዚያ ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደርሶ ከደሴ ስንወጣ በሩን ቆልፈን ነው የወጣነው። ቁልፉን እናቴ መቀነቷ ውስጥ ቋጥራው ነበር። በየደረስንበት እየፈታች ታየዋለች፤ መልሳ ትቋጥረዋለች። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ቁልፉ በእጃችን ነበር። የሚከፈት በር ግን አልነበረም። ከማጠፊያው ተገንጥሎ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። መልሰን አስበየድነው። ዛሬም ከመቆለፊያው ከፍ ብሎ ስንዝር ተኩል የሚሆን የብየዳ ጠባሳ አለው። ሁለት ጊዜ ቀለም ቀብተነዋል። ቀለሙን አልፎ ይታያል።

በሩ ላይ አንድ ነገር ለመስቀል የፈለግኩት በዚህ ጠባሳ ምክንያት ነው። ቤት በገባሁ ቁጥር መጀመሪያ የማየው እሱን መሆኑ ሰለቸኝ።

ሐሳቡ የመጣው ከእህቴ ነው። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። መስከረም ላይ የቤቷን በር ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ክብ ነገር ተሰቅሎበታል። ብርቱካናማና ቀይ ቅጠሎች፣ የስንዴ ዛላ፣ የጥድ ፍሬ፣ ጡጫ የማታክል ዱባ። እዚያ ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት ሲገባ ሰው በሩ ላይ እንዲህ ያለውን ይሰቅላል። ኅዳር አጋማሽ ላይ የምስጋና በዓላቸው እስኪያልፍ ይቆያል። ከዚያ ወርዶ በገና ጉንጉን ይተካል። እህቴ ከሱቅ የገዛችው መስሎኝ ነበር። ራሷ ነች የሠራችው። «ሱቅ ውስጥ ዋጋው አይቀመስም። ቅጠሉን ከመንገድ ለቀምኩት፣ ክቡን ከሽቦ ሠራሁት፣ አለቀ» አለችኝ።

ቅጠሉን ከመንገድ ለቀምኩት ማለቷ ልቤን ገዛው። ወቅቱ የጣለውን አንስቶ በር ላይ መስቀል። ይህን ለማድረግ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ፒያሳ አንድ የስጦታ ዕቃ መሸጫ ገብቼ የፕላስቲክ አበባ ጉንጉን ዋጋ ጠየቅኩ። 1,400 ብር። አመስግኜ ወጣሁ። ፕላስቲክ ደግሞ ወቅት የለውም። ሐምሌም ጥርም ያው ነው።

ጥፋቴ እህቴ የሠራችውን እንዳለ ለመሥራት መሞከሬ ነው። የእሷን ቅጠል በአደይ ተካሁ እንጂ ሌላው ሐሳብ የእሷ ነበር። ወቅታችንም አንድ አይደለም። እዚያ ቅጠል ሲረግፍ እኛ ጋ ገና አበባ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለውን መፀው እንለዋለን። መጀመሪያው አበባ፣ መጨረሻው አዝመራ ነው። ቤተ ክርስቲያንም የመጀመሪያዎቹን 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ትላቸዋለች፤ የአበባ ዘመን። የዚያን ሰሞን የጦሳን ተራራ ቀና ብላችሁ ብታዩት ከታች አረንጓዴ፣ ከላይ ቢጫ ነው። ኅዳር ሲጋመስ ያ ሁሉ ቢጫ የለም። በየማሳው ነዶ ተከምሯል። መፀውን በአንድ ጉንጉን ማሳየት የፈለገ ሰው ከሁለቱ የትኛውን እንደሚሰቅል መምረጥ አለበት።

እኔ አበባውን መረጥኩ። እዚህ ላይ ለመሞከር ለምታስቡ ልንገራችሁ። አደይ ለበር ጉንጉን አይሆንም። ከተቀጠፈ በሦስተኛው ቀን መርገፍ ይጀምራል። አድርቄ ልጠቀምበት ብዬ ብርሃን በሌለበት ጓዳ ውስጥ ቁልቁል ሰቅዬው ነበር። አበባ እንዲህ ነው የሚደርቀው፤ ጨለማው ቀለሙን ይጠብቃል፣ ቁልቁል መሰቀሉ ግንዱን ቀጥ አድርጎ ያቆየዋል። ብዙ አበባ በሁለት ሳምንት ይደርቃል። አደይ ግን ቅጠሉ ስስ ነው። ተጨማዶ ቡናማ ሆነ። ያ ወርቅ የመሰለ ቢጫ የትም ገባ። አደይ ውበቱ ሜዳ ላይ ነው፤ ደመራ ላይ ነው። እዚያው ቢቀር ይሻላል።

የወረደው ጉንጉን ጓሮ ተቀመጠ። ኅዳር 12 ግቢው ተጠርጎ ቆሻሻ ሲቃጠል አብሮ ገባ። የኅዳር በሽታ በ1911 ያን ሁሉ ሰው ከፈጀ ወዲህ የቆየ ልማድ ነው። ጉንጉኑ ጭሱ ውስጥ ሲጠቁር ቆሜ አየሁት። ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አሻግረው «አብሽሪ፣ ሌላ ትሠሪያለሽ» አሉኝ።

በልቤ የእሳቸውን ጥያቄ ይዤ ስለ ጉንጉን ማንበብ ጀምሬ ነበር። ነገሩ ሁሌም የሞት ምልክት አልነበረም። ጥንት ግሪኮች ኦሊምፒያ ላይ ያሸነፈውን ሰው የሚሸልሙት ከዱር ወይራ ቅርንጫፍ የተሠራ አክሊል ነበር። ይህን የእኛ ሰው በዓይኑ አይቶታል። በ1996 ነሐሴ ላይ አቴንስ ውስጥ ቀነኒሳ በቀለ በ10 ሺህ ሜትር፣ መሠረት ደፋር በ5 ሺህ ሜትር ወርቅ ሲያጠልቁ ራሳቸው ላይ የወይራ አክሊል ነበር። ያኔ የቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ ተደፍተን ስናይ ማናችንም ለቅሶ አላሰብንም።

ከዚህም የበለጠ የገረመኝ ሌላ ነው። የጥንት አቴናውያን በመከር ወቅት ኢሬሲዮኔ የሚባል የወይራ ቅርንጫፍ ነበራቸው። በሱፍ ክር ይጠመጥሙታል፤ በለስና ዳቦ ያንጠለጥሉበታል። ልጆች ይዘውት ከቤት ወደ ቤት እየዘፈኑ ስጦታ ይለምናሉ። ከዚያ በሩ ላይ ይሰቀላል። በዓመቱ አዲስ እስኪተካው እዚያው ይቆያል። ይህን ሳነብ የራሴን ልጅነት ነው ያየሁት። እኛም እንቁጣጣሽ ላይ ሣርና አደይ ይዘን «አበባየሆሽ» እያልን በየደጁ ዞረናል። ስጦታ ተቀብለናል።

ክብ መጎንጎንም ለእኛ እንግዳ አይደለም። በጎጃም ልጃገረዶች በዘመን መለወጫ ዋዜማ እንግጫ ነቅለው ይጎነጉናሉ። ሆሣዕና ሲሆን በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ዘንባባው በእጅ ላይ ቀለበት፣ በራስ ላይ አክሊል ይሆናል። እጃችን ያውቀዋል። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ ዘልዬ የቨርጂኒያን በር ነበር የማየው።

መልሱን ያመጡት ጎረቤታችን ናቸው። የኅዳር 12 ዕለት ከሰዓት በኋላ ቡና ጠሩን። እሳቸው ቤት ቡና ሦስቱንም ሳይጠጡ መነሳት የለም፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሁለተኛው ላይ ነበርን። ጀበናውን ከከሰሉ አንስተው ማቶቱ ላይ አስቀመጡት።

ማቶት ታውቃላችሁ። ጀበና እንዳይወድቅ የሚቀመጥበት ክብ ነገር ነው። ቂጡ ክብ የሆነ ዕቃ ሁሉ ያለ እሱ አይቆምም። የእሳቸው ከሣር የተጠመጠመ ነው። በላዩ ላይ ቀይና አረንጓዴ አለላ ዞሮበታል። አለላ ለማታውቁት፣ ለስፌት ተብሎ ቀለም የተነከረው ሣር ነው። ቡና ፈሶበት፣ ጭስ ጠጥቶ አንድ ጎኑ ጠቁሯል። እናቴ ናት የሠራችላቸው። እኔ ሳልወለድ ነው አሉ።

ዓይኔን ማቶቱ ላይ ተክዬ ቀረሁ። ክብ ነው። መሐሉ ባዶ ነው። ከሣር የተሠራ ነው። እሳቸው ደግሞ የማየውን አዩ። «ምነው ያንን ነገርሽን እንዲህ አድርገሽ ብትሠሪው?» አሉ። «አበባ ሲሆን ነው የሚያስፈራኝ። ማቶት በር ላይ ቢሰቀል ማን ይደነግጣል?»

እናቴ ሲኒዋን አስቀመጠች። «ትልቅ ማቶት ነው የምትፈልጊው?» አለችኝ። «ይሄንንማ መች ነገርሽኝ!»

ሰኞ ገበያ አብረን ሄድን። ስሙ እንደሚለው ሰኞ ነው የሚደምቀው። እናቴ ስፌት ከተወች አሥር ዓመት አልፏታል። ዓይኗ ደክሟል። ስንደዶና አክርማ የሚባሉትን የስፌት ሣሮች የሚሸጡት ሴቶች ዘንድ ስንደርስ ግን እኔን ረሳችኝ። አንድ እስር ታነሣለች፤ ጫፉን በጥፍሯ ታጥፈዋለች፤ ቀጭ ካለ ትመልሰዋለች። ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋለች። የሻገተ ሣር ከጠረኑ ይታወቃል አለችኝ። ስንደዶና ሁለት ቀለም አለላ 120 ብር ገዛን። አለላ ለማታውቁት፣ ለስፌት ተብሎ ቀለም የተነከረው ሣር ነው። እኛ የያዝነው ቀዩንና ሐምራዊውን ነው። ለውስጡ የሚሆነውን ሰንበሌጥ ከከተማው ዳር ሣር የሚያጭድ ልጅ በነፃ ሰጠን። «ለምን ነው?» አለን። «ለበር» አለችው እናቴ። ልጁ የጣራ ክዳን መስሎት «ይሄማ አይበቃም» ብሎ ሌላ ጨመረልን።

ማሽላው ከኮምቦልቻ ነው። አክስቴን ልጠይቅ ቅዳሜ ወረድኩ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ግን ሐረጎን እየተጠማዘዙ ሲወርዱ አገር ይለወጣል። ጆሮ ይደፈናል። ጋቢ ይወልቃል። ደሴ ላይ «በጥቅምት አንድ አጥንት» እያልን የምንንቀጠቀጥበት ብርድ ኮምቦልቻ ሲደረስ የለም። የከፍታው ልዩነት ከ600 ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ እኛ ጋ ገብስ ሲታጨድ እነሱ ጋ ማሽላ ይቀላል። የአክስቴ ጎረቤት ሁለት ራስ ቀይ ማሽላ ሰጠችኝ። 40 ብር ልስጣት ብል አኮረፈች። አክስቴ ናት ያስታረቀችን፤ በ40 ብሩ ስኳር ገዝቼ ለልጆቿ ሰጠሁ።

የቀረው ለቀማ ነው። ከጦሳ ሥር የነጭ ባሕር ዛፍ ፍሬ ለቀምኩ። ያ ግራጫ፣ ማዕዘን ማዕዘን ያለው፣ ልጆች የሚወራወሩበት። ምንም ቀለም ሳይቀቡት ያምራል፤ ሽታውም ይቆያል። ከአጥር ላይ ቀጋ ቀጠፍኩ። እሾሁ ሁለት ጣቴን አደማኝ፤ ፍሬው ግን ሲደርቅ እንኳ ቅላቱን አይለቅም። አሪቲውን ጎረቤታችን ከጓሯቸው ሰጡኝ። «ያለ ሽታማ ምኑን ቤት ሆነ» አሉ።

አሁን አሠራሩን ልንገራችሁ። ማክሰኞ ማታ ነው የጀመርነው።

መጀመሪያ ሰንበሌጡን ሁለት ጣት በሚሆን ውፍረት ሰበሰብን። ረጅሙንና አጭሩን እያቀላቀልን፣ የአንዱ ጫፍ ሌላው መሐል ላይ እንዲያርፍ አድርገን አስረዘምነው። ጫፍና ጫፍ አንድ ቦታ ላይ ከተገናኘ እዚያ ይሰበራል። ማሰሪያችን የማዳበሪያ ክር ነው። ከአሮጌ ከረጢት ጫፍ ሲጎትቱት ተረትሮ የሚወጣው፣ ነጭ የላስቲክ ክር። ጠንካራ ነው፤ ውኃ አያበሰብሰውም፤ ገንዘብ አይጠይቅም። በየሦስት ጣቱ ጥብቅ አድርገን አሰርን። ከዚያ ውኃ ረጨንበትና የ20 ሊትር ባልዲ ወገብ ላይ ጠመጠምነው። እዚያው አደረ። ጠዋት ስናወጣው ክብነቱን ይዟል። ሽቦ አላስፈለገንም።

ሁለተኛው ምሽት የእናቴ ነው። ስንደዶውን ግማሽ ሰዓት ውኃ ውስጥ ነከረችው። አውጥታ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለችው። አንድ አንድ እየመዘዘች ነው የምትሠራው። የደረቀ ሣር ሲጎነብስ ይሰበራል፤ ውኃ የበዛበት ደግሞ ሲደርቅ ይላላል። ልኩን በጣቷ ነው የምታውቀው። ወስፌዋን ከሣጥን አወጣች። እጀታው የእንጨት ነው፤ አውራ ጣቷ የሚያርፍበት ቦታ ጎድጉዷል። ጎድጓዳው ላይ የእኔን አውራ ጣት ባስቀምጥ ሰፋኝ።

ወስፌውን ሰንበሌጡ ውስጥ ሰካች። ቀዳዳው ሳይዘጋ የስንደዶውን ጫፍ አሾልካ ሳበችው። ዞረች። እንደገና ሰካች። አንዱ ጥምጥም ሌላውን ይነካል፤ ላዩ ላይ ግን አይወጣም። እኔ ስሞክር እየተደራረበብኝ ተቸገርኩ። «ዓይንሽን ከምትወጊበት አታንሺ፤ የሠራሽውን አትዪ» አለችኝ። እሷ ራሷ ደግሞ ጭራሽ አታይም። ፊቷ ወደ እኔ ነው፤ ወሬ ታወራለች፤ እጇ ይዞራል። ከአራት ሰዓት ሥራ በኋላ ግማሹ ተሸፈነ። በመሐሉ መብራት ሄደ። እኔ ሻማ ልፈልግ ተነሣሁ። ስመለስ ጨለማው ውስጥ ሦስት ዙር ጨምራለች።

በማግስቱ ቀዩንና ሐምራዊውን አለላ በመሐል በመሐል አስገባን። የታችኛውን ሲሶ ሆን ብለን ሳንሸፍነው ተውነው። እህሉ የሚታሰረው እዚያ ነው። ዙሪያውን ሁሉ መሙላት አያስፈልግም። የመጀመሪያውን ያበላሸሁት ሁሉንም ቦታ በአበባ ስለሞላሁት ነው፤ ለቅሶ ቤት ያስመሰለውም ይኸው ነበር። አሁን ሣሩ ራሱ ይታያል። ታች በኩል ወደ ግራ አዘንብለን የገብስ ዛላ፣ በላዩ ሁለቱን ቀይ ማሽላ፣ በመሐላቸው የባሕር ዛፍ ፍሬና ቀጋ፣ ከሥር አሪቲ አሰርን። ሁሉም በዚያው በማዳበሪያ ክር ነው።

አንድ ነገር አትርሱ። እህሉን ከማሰራችሁ በፊት ሦስት ቀን ጠንካራ ፀሐይ ላይ አስጡት። እርጥበት ከቀረበት ይሻግታል። ነቀዝ ካለበት ደግሞ በሩ ላይ ሆኖ ቤታችሁ ይገባል። ከጀርባውም ጨርቅ ስፉበት። በራችን የላሜራ ስለሆነ ንፋስ ሲያወዛውዘው ቀለሙን ይፍቀዋል። እኛ ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደ ቁራጭ ሰፋንበት። ሚስማርም አልመታንም። ጥቁር ሽቦ በመንጠቆ ቅርጽ አጥፈን በበሩ ጫፍ ላይ አንጠለጠልነው፤ ጉንጉኑ ከዚያ ላይ ይወርዳል።

ኅዳር 20 ቀን ሰቀልነው። ሽቦውን ሁለት ጊዜ አሳጠርኩት፤ አንድ ጊዜ አስረዘምኩት። የምፈልገው ማሽላው ብየዳው ላይ እንዲያርፍ ነበር። በመጨረሻ አረፈ። ጠባሳው ጨርሶ አልጠፋም። በግራ በኩል ጣት የምታህል ትታያለች። እናቴ «ተያት፤ እሷም ትታይ» አለች።

ማሽላው ላይ አንድ ያልገመትኩት ነገር መጣ። ወፎች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሩን ስከፍት ሁለት ድንቢጦች ብርር ብለው ሄዱ። ደረጃው ላይ የማሽላ ገለባ ተበትኗል። በሳምንቱ አንደኛው ራስ ግማሹ አለቀ። እኔ ተናደድኩ። እህሉን ለመከላከል ቀጭን መረብ ላለብሰው አሰብኩ፤ ከሽንኩርት ከረጢት ቆርጬም ሞከርኩ። አስቀያሚ ሆነ። አነሣሁት።

እናቴ ግን በጠዋት እየተነሣች ከመስኮቱ ጀርባ ትቆም ጀመር። መጋረጃውን በአንድ ጣት ከፈት አድርጋ ታያቸዋለች። ወፉ ማሽላው ላይ ተንጠልጥሎ አንገቱን ይቆለምማል፤ አንድ ፍሬ ይነቅላል፤ ግማሹ ይወድቅበታል፤ ሌላው ከታች ይለቅማል። ጉንጉኑ በክብደታቸው ትንሽ ይወዛወዝና ላሜራውን ቀስ ብሎ ይመታል። ያ ድምፅ ነው አሁን የሚቀሰቅሰን። በዚያ በር ላይ ድምፅ ስንሰማ እኔም እናቴም ደንግጠን የምንነሣበት ጊዜ ነበር።

ባለፈው ዓርብ ጎረቤታችን መጡ። በሩ ላይ ቆሙ፤ ወዲያው አልገቡም። በጣታቸው የእናቴን ጥምጥም ዳበሱት። የተበላውን ማሽላ አዩ። ከዚያ ከነጠላቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡና እጄ ላይ አስቀመጡት። አራት ራስ ማሽላ ነው፤ ሁለቱ ቀይ፣ ሁለቱ ነጭ።

«ለእኔም በር ሥሩልኝ» አሉ። «ማሽላውን አብዙት።»

«ወፍ ይጨርሰዋል እኮ፣ እማማ» አልኳቸው።

«ይጨርሰው እንጂ! ለእነሱ ነው ያመጣሁት። ሰደቃ ነው።»

እናቴ ከጓዳ ሆና ሰምታለች። ስንደዶው የተነከረበትን ሳህን ይዛ ወጣች።